ሐፍረት የለያያቸው የቁርኣን ቤት ጓደኞች



በልጅነታችሁ ከጎናችሁ ተቀምጦ «አሊፍ፣ ባ፣ ታ» እያለ ድምፁን ከድምፃችሁ ጋር ያነሣ የነበረው ልጅ ዛሬ የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን «ጅዳ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ»፣ «አዲስ አበባ ሱቅ ከፍቷል አሉ» ከማለት አናልፍም። ለምን አትጠያየቁም ብንባል ደግሞ መልሳችን አንድ ነው፤ ርቀትና ኑሮ!

እኔ በዚህ መልስ አልስማማም። ርቀት ለጎንደር ሙስሊም መቼ አዲስ ሆነና? በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1668፣ የተሰበሰበው ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ከወሰነ ወዲህ፣ የቀደሙት አባቶቻችን በእስላም ቤት፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው ሰፈር፣ በንግድና በሽመና ኖረዋል። ሲራራ ነጋዴው ወደ ስናርና ወደ ምጽዋ ሲወርድ ወራት ይቆይ ነበር። ሰላምታው የሚደርሰው በሌላ መንገደኛ አፍ ነው። እኛ ግን ቴሌግራም በኪሳችን ይዘን ሃያ ዓመት እንዘጋጋለን። ታዲያ የያዘን ምንድን ነው? ሐፍረት ነው እላለሁ።

በ1980ዎቹ መጀመሪያ አዲስ ዓለም ውስጥ አብረን የቀራን ዘጠኝ ልጆች ነበርን። ሉሓችንን አጥበን፣ ከጥላሸት የተበጠበጠው ቀለም ጣታችንን እንዳጠቆረው ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት እንሮጥ ነበር። ከመካከላችን ሒፍዙ የሰላው የሸማኔው ልጅ ነበር። እሱም በ1991 ዓ.ም. በመተማ በኩል ሱዳን ገባ። ካርቱም ውስጥ ሱቅ ከፈተ፤ በየዒዱ ለእናቱ ይልክ ነበር። ሰፈሩም «እሱማ ሰው ሆነ» ይል ነበር። ያቺ ቃል ኋላ ምን እንደምታደርግ እዩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ፈነዳ። በወራት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ሱዳናውያንም የእኛ ስደተኞችም፣ በመተማ ዮሐንስ ድንበር ተሻገሩ። የሸማኔው ልጅም ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ከነሱ ጋር ነበር። ከመተማ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ መንገድ በጥቂት ቀን ጨረሰው። ከአዘዞ አዲስ ዓለም ለመድረስ ግን አምስት ወር ፈጀበት! አዘዞ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ተቀመጠ። ከስምንታችን ለአንዳችንም አልደወለም።

ከጓደኞቻችን አንዱ ከዙህር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ አየው። ለምን ጠፋህ ሲለው «ኢንተርኔት የለም» አለው። በእርግጥም ሐምሌ 28 ቀን 2015 አስቸኳይ ጊዜ ከታወጀበት ሰሞን ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። ስልክ ግን በብዙው ቀን ይሠራ ነበር፤ ሁለቱም ያውቁታል። ኋላ እውነቱን ተናገረ። «ቁርኣን ቤት ሳለን አንደኛ እኔ ነበርኩ፤ አሁን መጨረሻ ሆኜ እንዴት ልታያችሁ? ምን ይዤ ልምጣ?» አለ።

እዚህ ላይ ሰፈራችንን ልውቀስ። ከውጭ የተመለሰን ሰው ከሰላምታ አስቀድመን ሻንጣውን እናያለን። «ቤት ሠራህ? ስንት ዓመት ቆየህ? ምን አመጣህ?» እንላለን። ይህ ጥያቄ ነው ወይስ ቀረጥ?

ሁለት ሁለት ሆነን ሄድን፤ ሁላችንም አንድ ላይ ብንገባ ያቺ ክፍል ራሷ ታሳፍረው ነበር። ስለ ካርቱም አልጠየቅነውም። አንዱ ፎቶ ላንሣ ሲል ከለከልነው። ያዋጣነውንም ሚስቱና ልጆቹ በማያዩበት በእጁ አደረግነው፤ እሱ «ብድር ነው» አለ፣ እኛም ብድር ነው አልን።

ሌላም ዓይነት ሐፍረት አለ። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጎንደር ላይ በቀብር በነበሩ ሙስሊሞች ላይ ጥቃት ተፈጽሞ ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ሳምንት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። 12ኛ ክፍል አብሮኝ የተማረ፣ ዛሬ ወገራ የሚኖር ክርስቲያን ነው፤ ድምፁን ከሰማሁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። «ደህና ነህ? ልጆችህስ?» ብሎ ዝም አለ። ቆይቶ «ሦስት ቀን ስልኩን እያነሣሁ አስቀመጥኩት፤ በምን አፌ ልደውል ብዬ» አለኝ። እሱ ምንም አላደረገም። ባይደውል ኖሮ ግን ዝምታውን ምን ብዬ እተረጉመው እንደነበር አላህ ያውቃል።

የእህቶቻችን ነገር ደግሞ የባሰ ነው። አብራ የቀራች ልጅ ደባርቅ ስትዳር ጓደኝነቷ እዚያው ይቀበራል። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜስ ሄዳ የጠየቀቻት ማን ናት? ሚስቱ አክስቴን ልጠይቅ ስትለው እሺ የሚል ባል፣ የቁርኣን ቤት ጓደኛዬን ስትለው «እሷ ደግሞ ምንሽ ናት?» ይላል።

ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከተኳረፉ ሁለት ሰዎች በላጩ በሰላምታ የሚቀድመው መሆኑን አስተምረውናል። ያለ ኩርፊያ ለተዘጋጋነውማ መቅደም እንዴት ይቅለለን! የሚቀድመውም ኑሮ የተሻለው ይሁን፤ ያጣው ሰው ይደውል ብሎ መጠበቅ ሌላ ሸክም መጫን ነው።

ከዘጠኛችን አንዱ እስካሁን አልተገኘም። ወድ መደኒ ነበር። ከተማዋ በታኅሣሥ 2016 በፈጥኖ ደራሹ ኃይል እጅ ስትወድቅ ስልኩ ተዘጋ፤ የሱዳን ጦር በጥር 2017 መልሶ ከያዛት በኋላም አልተከፈተም። ቀይ መስቀል በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት ስላለው ወንድሞቹ እንዲያመለክቱ መክረናል። ወይስ እሱም አንድ ቦታ ተከራይቶ እያፈረ ይሆን? ከአንባቢያን መካከል በገዳሪፍ፣ በከሰላ ወይም በፖርት ሱዳን ዘመድ ያላችሁ፣ የጎንደር ልጅ ነኝ የሚል ሰው ከገጠማችሁ «የአዲስ ዓለም ልጆች ባዶ እጅህን ና ብለውሃል» በሉልን።