«ወዴት ነው የሚሄደው?»

ከመርካቶ ታክሲ ይዞ ጳውሎስ የሚወርድ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሆስፒታሉን በርና በአካባቢው የተደረደሩትን ፋርማሲዎች ነው። እኔ ያደግሁት ከዚያ ብዙም በማይርቅ መንደር ውስጥ፣ በአጎቴ ቤት ነው። አጎቴን ጋሼ እላቸዋለሁ። መርካቶ ውስጥ የሬዲዮ፣ የቴሌቪዥንና የሶላር መለዋወጫ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። እኔን ያስተማረችኝ ያቺ ሱቅ ናት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ቀጥሎ የምጽፈው ነገር ጋሼን ለመውቀስ እንዳይመስልብኝ ብዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አንድ ቅዳሜ ማታ ጋሼ አንድ የእንግሊዝኛ ፎርም ይዘው መጡ። «አንተ የምትማረው እኮ ይሄንኑ ነው፤ በል ሙላልኝ» አሉኝ። እኔም ደስ ብሎኝ እስክሪብቶ አነሳሁ። ፎርሙ እኛ በክፍል ውስጥ የመጨረሻ ተጠቃሚ ማረጋገጫ እያልን የምንማረው ነው። ገዢው ዕቃውን ማን፣ የት አገር፣ ለምን ሥራ እንደሚጠቀምበት ይጽፍና ለሌላ አገር አሳልፎ እንደማይሸጥ ፈርሞ ማህተሙን ያሳርፍበታል። የታዘዘው ዕቃ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ ነበር። ብዛቱን ሳይ ግን እጄ ቆመ። የጋሼ ሱቅ በአስር ዓመትም ሸጣ አትጨርሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ቺፕ ለምንድን ነው?»

«ለኛ አይደለም። ዱባይ ያለ አንድ ደላላ ነው የሚወስደው። ፋብሪካው ለሱ አልሸጥም አለው፤ በኛ ስም ከታዘዘ ግን ይሸጣል። ዕቃው ጅቡቲም አይደርስ፣ ሞጆም አይደርስ። እኛ ፈርመን ኮሚሽናችንን መቀበል ብቻ ነው።»

«ከዱባይስ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እሱ የኛ ጉዳይ አይደለም።»

እውነቱን ለመናገር እኔም መድረሻውን አላውቅም። ነገር ግን ፋብሪካው ለምን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ሩሲያ በየካቲት 2014 ዓ.ም. ዩክሬንን ከወረረች በኋላ አሜሪካ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ጃፓንና ሌሎችም ለጦር መሣሪያ ሊውል የሚችል ዕቃ ወደ ሩሲያ እንዳይላክ ከለከሉ። ይሁን እንጂ ዩክሬን ውስጥ በወደቁ ሚሳይሎችና ድሮኖች ስብርባሪ ውስጥ የእነዚሁ አገሮች ኩባንያዎች ቺፕ ተገኘ። ቀጥታ የተዘጋው በር በጎን ተከፍቶ ነበር ማለት ነው። ዕቃው በቱርክ፣ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ፣ በማዕከላዊ እስያ አገሮችና በሌሎችም በኩል፣ በማይታወቁ ትንንሽ ነጋዴዎች ስም እየተገዛ ያልፍ ነበር። ስለዚህ ከልካዮቹ አገሮች በጉምሩክ ኮድ የተለዩ 50 ያህል ዕቃዎችን ዘርዝረው ጥብቅ ክትትል እንዲደረግባቸው አደረጉ። የአውሮፓ ኅብረትም ከመጋቢት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከኅብረቱ ውጭ ላለ ገዢ የሚሸጥ ኩባንያ በውሉ ላይ «ወደ ሩሲያ ተመልሶ አይሸጥም» የሚል አንቀጽ እንዲያስገባ አስገደደ፤ ከዚህ ግዴታ ነፃ የሆኑት ጥቂት ወዳጅ አገሮች ናቸው።

ይህንን ሁሉ ለጋሼ ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ጋሼ በትዕግሥት አዳመጡኝና በአንድ ጥያቄ አፌን አስያዙኝ።

«የኔ አያት ማይጨው የዘመቱት በወጨፎ ነው። ስንት ጥይት ይዘው እንደሄዱ ታውቃለህ? ሰባት! ለምን ሰባት ሆነ? እነዚሁ አገሮች መሣሪያ አንሸጥም ስላሉን ነው። በ1992ም ከሻዕቢያ ጋር ስንዋጋ ደግመው ከለከሉን። ዛሬ ታዲያ የነሱን ሕግ እኔ ልጠብቅላቸው?»

መልስ አልነበረኝም። በእርግጥም ጋሼ አልተሳሳቱም። የመንግሥታቱ ድርጅት የጸጥታ ምክር ቤት በግንቦት 1992 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1298 በኢትዮጵያና በኤርትራ ላይ ለ12 ወራት የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ጥሏል። ፎርሙን ሳልሞላ አሳደርኩትና በማግስቱ ስለ 1928ቱ ማዕቀብ ማንበብ ጀመርኩ። ፍላጎቴ ጋሼን መርታት ነበር፤ ያነበብኩት ግን መጀመሪያ ላይ ለእሳቸው የሚመሰክር ነበር።

ጣሊያን ሊወረን ሲዘጋጅ እንግሊዝና ፈረንሳይ ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም አሉ። አሜሪካም በገለልተኝነት ሕጓ ለሁለቱም ከለከለች። ለሁለቱም መባሉ እኩልነት ይመስላል። ነገር ግን ጣሊያን መድፉንም አውሮፕላኑንም በገዛ ፋብሪካው ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ፋብሪካም ወደብም አልነበረንም። የነበረን አንድ የጅቡቲ ባቡር ነው፤ እሱም በፈረንሳይ እጅ ነው። የመንግሥታቱ ማኅበር በእኛ ላይ የነበረው ክልከላ እንዲነሳ የወሰነው ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ነው። የጋሼ አያት ሰባት ጥይት እንግዲህ ከዚህ የመጣ ነው።

ሆኖም ገጹን ስገልጥ ሌላ ነገር አገኘሁ። ማኅበሩ ጣሊያንን ወራሪ ብሎ ፈርዶ ስለነበር ማዕቀቡ ኅዳር 8 ቀን 1928 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። መሣሪያ፣ ብድር፣ ጎማ፣ ቆርቆሮና የጭነት እንስሳ ሳይቀር ተከለከለ። ይበልጥ የገረመኝ ደግሞ የመጀመሪያው ውሳኔ ለሌላ አገር የተሸጠ መሣሪያ ዞሮ ጣሊያን እንዳይገባ እያንዳንዱ መንግሥት እንዲጠነቀቅ ማዘዙ ነው። ዛሬ ጋሼ ይዘውት የመጡት ፎርም የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው። ማለትም ይህ ጥያቄ ገና ያኔ፣ ለእኛ ሲባል ተጠይቆ ነበር!

ታዲያ ለምን አልሠራም? ሁለት ምክንያት ነው ያገኘሁት። አንደኛው፣ ዋናው ዕቃ ከዝርዝሩ ውጭ ሆነ። ነዳጅ፣ ከሰልና ብረት አልተከለከሉም። የስዊዝ ቦይም ክፍት ነበር፤ የጣሊያን መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ ወታደርና መርዝ አሳለፉበት። ሁለተኛው፣ በጎን የሚሸጡ ነበሩ። ኦስትሪያና ሃንጋሪ የማኅበሩ አባል ሆነው ሳለ በማዕቀቡ አንተባበርም አሉ። ጀርመን ከማኅበሩ ወጥታለች፤ አሜሪካ ከመጀመሪያውም አልገባችም። የአሜሪካ መንግሥት ነጋዴዎቹን ከመሸጥ እንዲታቀቡ ቢለምንም ወደ ጣሊያን የሚሄደው የአሜሪካ ነዳጅ በእነዚያ ወራት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ሙሶሊኒ በኋላ፣ በ1938 እ.ኤ.አ. ሙኒክ ላይ፣ ነዳጅ ቢከለከል ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር እንደነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፏል።

ያን ጊዜ የጋሼ አያት በዓይኔ መጡ። ሰባቱን ጥይት የያዙ ሰው ከበላያቸው የሚያንዣብበውን አውሮፕላን ያያሉ። አውሮፕላኑ በነዳጅ ነው የሚበረው። ያንን ነዳጅ የሸጠ ነጋዴ፣ መርከቡን ያከራየ፣ ወረቀቱን የሞላ ጸሐፊ ነበረ። ያም ጸሐፊ «ወዴት ነው የሚሄደው?» ቢባል «እሱ የኛ ጉዳይ አይደለም» ሳይል አይቀርም።

በሳምንቱ ይህንን ለጋሼ ነገርኳቸው። «አያትዎን የጎዳው እኛን መከልከላቸው ብቻ አይደለም፤ ወራሪውን በጎን ማስገባታቸውም ነው። እኛ ይሄን ፎርም ከሞላን የምንሆነው እንደዚያ ነዳጅ ሻጭ ነው» አልኳቸው። ጋሼ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም «የትምህርት ቤትህን ግን በምን እንደምከፍል አስበህበታል?» አሉኝ። አላሰብኩበትም ነበር። ኮሚሽኑ የአንድ ሴሚስተር ወጪዬን ይሸፍን ነበርና ጥያቄው ተገቢ ነው።

አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩላቸው። እዚህ ጳውሎስ ሆስፒታል በር ላይ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ተራ የሚጠብቀውን ሕዝብ በየቀኑ እናየዋለን። ለሕክምና የሚያገለግል መሣሪያ ውስጥም ሌዘርም ቺፕም አለ። እንዲህ ያለው ዕቃ ለሰላምም ለጦርነትም ስለሚውል ሻጩ ገዢውን ይጠይቃል። የአዲስ አበባ አድራሻ የያዘ ማረጋገጫ ውሸት ሆኖ ከተገኘ፣ ነገ በእውነት ለሕመምተኛ ብሎ የሚያዝ ሰው ሲፈርም ማን ያምነዋል? በቢሮ ወረቀት የተጀመረ ውሸት በሰፈራችን በር ላይ ወረፋ ሆኖ ሊመጣብን ይችላል።

ጋሼ ፎርሙን ወስደው ከሬዲዮው ስር አስቀመጡት። አልፈረሙም፤ አልቀደዱትምም። ከወር በኋላ «ደላላው ሌላ ሰው አገኘ። እኛ ባንሞላም ሌላ ሞላው፤ እና ምን ተጠቀምክ?» አሉኝ። ያን ሴሚስተር ከክፍል በኋላ ሱቅ እየዋልኩ ወጪዬን አገዝኩ። ለጥያቄያቸው እስከ ዛሬ ሙሉ መልስ የለኝም። የማውቀው ይህንን ነው፤ «እኛ ባንሸጥ ሌላ ይሸጣል» የሚለው ቃል በ1928ም ተብሏል፣ ዋጋውን የከፈልነውም እኛው ነን።

ውድ የዲፓርትመንታችን ተማሪዎች፣ ነገ ከመካከላችን ትራንዚተር የሚሆን፣ አስመጪ ቤት የሚቀጠር፣ ጉምሩክ የሚገባ አለ። ማዕቀብ ሁሉ ፍትሐዊ ነው አልልም፤ በእኛ ላይ የደረሰው አልነበረም። ነገር ግን ፊርማችን ውሸት የሆነበት ወረቀት የትኛው ሰው ራስ ላይ እንደሚወርድ አናውቅም። ጠረጴዛችሁ ላይ እንዲህ ያለ ፎርም ሲመጣ ከመፈረማችሁ በፊት አንዲት ጥያቄ ጠይቁ፤ ወዴት ነው የሚሄደው?