ጎማ በሰላጣ ላይ

ጃፓኖች ሰሊጥን «ጎማ» ይሉታል። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ እንደማንኛውም ያገሬ ሰው ትዝ ያለኝ የኢሱዙ ጎማ ነው። ጥቅል ጎመን እንደ ክር አቅጥነው ከከተፉ በኋላ ከላዩ የሚያፈሱት ወፈር፣ ነጣ ያለ ማጣፈጫ ከዚሁ ከጎማቸው ይሠራል። ባለፈው ዐቢይ ጾም እኔም ቤት ውስጥ ልሞክረው ተነሳሁ። ሙያ ለማሳየት ብቻ አልነበረም። አባቴ ለሕክምና ከጎጃም መጥቶ እኔ ጋ አርፎ ነበር፤ ምግብ አልበላ ብሎ አስጨንቆኛል።

ጃፓን ውስጥ ብዙ ሰው ይህን ሶስ የሚያወፍረው በማዮኔዝ ነው። ኪዩፒ የሚባለው የታወቀው ማዮኔዛቸው ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሸጥ ሲሆን የሚሠራውም በእንቁላል አስኳል ነው። ክፍል ውስጥ እንደተማርነው አስኳሉ ውስጥ ያለው ሌሲቲን ዘይትና ውኃን ያስታርቃል። ታዲያ ለጾመኛ እንቁላል ከየት ይምጣ? ሰሊጥ ግን ራሱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ በደንብ ከላመ ያለ እንቁላልም ይሆናል ብዬ ተማመንኩ።

አራት የሾርባ ማንኪያ ሰሊጥ በለስላሳ እሳት አመስኩ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ ሽታው ሲመጣና አንድ ሁለቱ ሲፈናጠር ማውረድ ነው፤ ከጠቆረ ይመራል። ዘይቱ ወጥቶ እስኪያብረቀርቅ ወቀጥኩት። ከዚያ አንድ ማንኪያ ውኃ ባደርግበት ጭቃ ሆኖ ቁጭ አለ! ተበላሸ ብዬ ደፋሁት። ሰሊጥ ደግሞ ርካሽ አይደለም። በሁለተኛው ዙር ግን እልህ ይዞኝ ውኃውን በትንሽ በትንሹ እየጨመርኩ ሳማስል፣ ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ድንገት ነጣ፣ ላላ፣ እርጎ መሰለ። ለካ ጥቂት ውኃ ሲገባ ድቃቂዎቹ እርስ በርስ ይጣበቃሉ፤ ሲበዛ ይላቀቃሉ። ቀሪው ቀላል ነው፤ አንድ ማንኪያ ተኩል ሶያ ሶስ፣ አንድ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ አንድ ማንኪያ ስኳር።

የፈራሁት ሌላ ነገር ነው። አባቴ በወጣትነቱ ክረምት ክረምት ሁመራ እየወረደ ሰሊጥ ያርም፣ ያጭድ ነበር። ሰሊጥ ፍሬው ሳይፈነዳ ካልታጨደ መሬት ላይ ይረግፋል፤ ስለዚህ አጫጁ ታመምኩ ብሎ መተኛት የለም። ከዚያ ወባ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው። ቤታችን ሰሊጥ ገብቶ አያውቅም።

ሳልነግረው ጎመኑን አቀረብኩ። አንዴ ቀመሰ፤ ደገመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጎማ ነው አባዬ።»

«ጎማ አብልተሽ ልትጨርሺኝ ነው?»

ሰሊጥ መሆኑን ስነግረው እጁን ሰብስቦ ሳህኑን ዝም ብሎ አየው። በቃ፣ አበላሸሁት አልኩ። ቆይቶ «ያን ያህል ኩንታል ተሸክሜ፣ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኖ አልቀመስኩትም» አለና እንጀራ ቆርሶ ሳህኑን ጠረገው።

ሊሄድ ሲል በሃይላንድ ሙይልኝ አለኝ፣ ለእናቴ። ውኃ የገባበት ነገር የአንድ ቀን የአውቶቡስ ሙቀት አይችልም ብዬ እምቢ አልኩ፤ ግማሽ ኪሎ የታመሰ ሰሊጥና አንድ ጠርሙስ ሶያ ሶስ ቋጠርኩለት። ውኃው ላይ እንዳትፈራ ንገራት አልኩት።