ከመገናኛ መብራት በላይ ያለው ኮከብ

በግንቦት መጨረሻ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ከየካ ከፍታዎች ወይም ከእንጦጦ ላይ ቆሞ ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ሰው፣ ከከተማው በላይ 20 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ አንድ ደማቅ ኮከብ ያያል። አልፋ ሴንታውሪ ይባላል።

ለዓይን አንድ ይመስላል እንጂ ሁለት ፀሐዮች ናቸው፤ በ80 ዓመት ገደማ አንዴ እርስ በርስ ይዞራሉ። ብርሃናቸው እዚህ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ለንደንና ፓሪስ ያለ ሰው ግን መቼም አያየውም፤ ሁሌም ከአድማሱ በታች ነው። ጥንድ መሆኑን በ1689 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ፈረንሳዊው አባ ሪሾ እንኳ ያየው ሕንድ አገር፣ ፑዱቼሪ ሆኖ ነው፤ ከባሕር ዳር ብዙም በማይርቅ ኬክሮስ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚያም ከፍ ብሎ ይታያል። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይሄ ነው።

እንጦጦ ላይ፣ በ3,200 ሜትር ከፍታ፣ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉ። ችግሩ ተራራው ከከተማው በስተሰሜን መሆኑ ነው። የደቡቡ ሰማይ የሚታየው በከተማው መብራት አናት ላይ ነው። አልፋ ሴንታውሪ ደማቅ ስለሆነ ይችለዋል። ደብዛዛዎቹ ከዋክብትና ፍኖተ ሐሊብ ግን ይዋጣሉ።

«ገጠሩ በኩራዝ እያደረ ስለ መብራት መብዛት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል ይኖራል። ሙግቱ ግን መብራት ይጥፋ አይደለም። ጨለማ መንገድ የሚመቸው ለቀማኛ ነው፤ አምሽታ ከሥራ የምትመለስ ሴት ብርሃን ያስፈልጋታል። የሚያስፈልጋት ግን እግሯ ሥር ነው። ወደ ሰማይ የሚረጨው ለእሷ አይደርሳትም፤ ቆጣሪው ግን ይቆጥረዋል።

መላው ቀላል ነው፦ አምፖሉን ከላይ መከለል፣ ወደ ታች ማዞር፣ የማስታወቂያ ስክሪኑን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ማደብዘዝ። በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ መንገዱን አብርቷል። አዲስ ምሰሶ ሲተከል ይህን መጨመር፣ ተተክሎ ካለቀ በኋላ ከመነቃቀል ይረክሳል።

ሁለቱ ፀሐዮች እጅግ የሚቀራረቡት በ2035 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ኮተቤ ውስጥ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ያኔ ቀና ብሎ ኮከቡን ማየቱ አይቀርም። ጎረቤቶቹን ጭምር ማየት አለማየቱ ግን በእነዚህ ምሰሶዎች ይወሰናል።