የነሐሴ ስንቅ፦ ከማድሪድ እስከ ኮርዶባ

በአገራችን ነሐሴ ሲገባ ዝናቡ ይበረታል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሰውም ከቤቱ መራቅ አይወድም። በስፔን ግን ነሐሴ ሕዝቡ ልጆቹን በመኪና ጭኖ ወደ ባሕር ዳርና ወደ ዘመድ የሚጎርፍበት ወር ነው። በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ማድሪድ ከምትኖረው ታናሽ እኅቴ ዘንድ ለዕረፍት ሄጄ ስለነበር እኔም የዚሁ ጉዞ ተካፋይ ሆንሁ። መድረሻችን በስተደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ኮርዶባ ነበረች። ስለ ከተማይቱ ውበት ብዙ ተጽፏልና ለዛሬ እሱን ልተወው። ለእናቶች ይበልጥ የሚጠቅመው ከመንገዱ በፊት የነበረው የስንቁ ጉዳይ ይመስለኛል።

ስንቁ ያሳሰበን ያለ ምክንያት አልነበረም። እናታችን ከእኅቴ ዘንድ መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ነበር። የፍልሰታን ጾም አያጎድሉም፤ የአሳማ ሥጋም ሆነ ስቡ የገባበትን ነገር በአፋቸው አያደርጉም። በዚያ ላይ የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪማቸው ጨው እንዲቀንሱ አዟቸዋል። በ2015 ዓ.ም. ቤተሰቡ ወደ ቫሌንሲያ ሲጓዝ ስለ እሳቸው ምግብ ያሰበ አልነበረም። ልጆቹ ኬክና ቸኮላታቸውን ሲበሉ እሳቸው ደረቅ ዳቦና ጥቂት ውኃ ይዘው ዋሉ። ማምሻውን ከአንድ የቤንዚን ማደያ ሲደርሱ ከመኪናው እንደ ወረዱ ራሳቸውን አዞራቸውና ከመሬት ተቀመጡ። እኅቴ ይህን ስታጫውተኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ሰባት ዓይነት ብስኩት ገዝቼ ለእማማ የሚሆን አንድ ነገር አልያዝሁም» አለችኝ።

የምንነሣው ዓርብ ነሐሴ 10 ቀን ነው። ሐሙስ ገበያ እንወጣለን ብዬ ሳስብ እኅቴ ሳቀችብኝ። ሐሙስ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኦገስት 15፣ በስፔን የማርያም ዕርገት የሚከበርበት ብሔራዊ በዓል ስለሆነ ብዙው ሱቅ ዝግ ነው። በእሑድ ቀንም የማይከፈቱ ሱፐርማርኬቶች ብዙ ናቸው። ቀኑን ያልቆጠረ መንገደኛ ያንኑ ውኃና ያንኑ የድንች ጥብስ ከማደያ ውስጥ በውድ ዋጋ ይገዛል። ስለዚህ ረቡዕ ማታ እኅቴ ከሥራ እንደ ተመለሰች ሁለታችን ወጣን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለማስረዳት እወዳለሁ። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ከዲሴምበር 2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በታሸገ ምግብ ላይ አለርጂ የሚያስከትሉ 14 ዓይነት ነገሮች ከሌላው ጽሑፍ ተለይተው፣ ጎላ ብለው መጻፍ አለባቸው። ወተትና እንቁላል ከእነዚሁ ውስጥ ናቸው። እንግዲህ «ሌቼ» ማለት ወተት፣ «ዌቮ» ማለት እንቁላል መሆኑን ያወቀች ሴት ቋንቋውን ባትናገርም የጾም የሆነውንና ያልሆነውን በዓይኗ ትለያለች። እኔም ይህን ተምሬ በኩራት መደርደሪያዎቹን መፈተሽ ጀመርሁ። ብዙም ሳልቆይ ጎላ ብሎ የተጻፈ ወተትም እንቁላልም የሌለበት፣ የሚፈረፈር ክብ ኬክ አገኘሁና ሁለት እሽግ ከጋሪው ውስጥ ጨመርሁ።

እኅቴ አንሥታ አነበበችውና መልሳ ከመደርደሪያው ላይ አኖረችው። ከሌላው ፊደል ጋር ተመሳስሎ «ማንቴካ ዴ ሴርዶ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው። አሳማ አለርጂ ያስከትላሉ ከተባሉት 14 ነገሮች ውስጥ ስለሌለ ሕጉ አጉልታችሁ ጻፉት አይልም። ጎላ ያለውን ብቻ የምታይ እናት ከወተቱ ታመልጥና በአሳማው ትያዛለች። በስፔን የአሳማ ስብ የድሮ ጋገራ ቅባት ነው፤ በብዙ ባህላዊ ኬካቸው ውስጥ ይገባል። ስሙም ያሳስታል፤ «ማንቴኪያ» ቅቤ ሲሆን «ማንቴካ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ስቡ ነው። በልጆች ከረሜላ ላይም «ሄላቲና» የሚል ቃል ካለ እንደ ጎማ የሚያኝኩት ነገር የረጋው ከእንስሳ ቆዳና አጥንት በሚወጣ ሙጫ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ የአሳማ ነው። ከድንች ጥብሱ ጎን የሚሰቀለው «ኮርቴሳስ» የሚባለው ደግሞ ከስንዴ የተሠራም፣ ከአሳማ ቆዳ የተጠበሰም አለው። ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉና «ሴርዶ» የሚለውን ቃል መፈለግ ነው።

መጠጡም ቢሆን ጥንቃቄ ይሻል። የእኅቴ ባል ከለስላሳው መካከል አንድ ቀይ ጠርሙስ አንሡልኝ ብሎን ነበር። ስናየው «ቲንቶ ዴ ቬራኖ» የሚባለው፣ በጋዝ መጠጥ የተበረዘ ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘ። መሪ ለሚይዝ ሰው አይሆንምና ተውነው። «አልኮል የሌለው» ተብሎ የሚሸጠው ቢራ እንኳ በአገሩ ደንብ እስከ አንድ በመቶ የሚጠጋ አልኮል ሊኖረው ይችላል፤ ጨርሶ የማይፈልግ ሰው «0,0» የሚለውን ይመርጣል።

ታዲያ ምን ገዛን? አንደኛ «ኦርቻታ»። ሲያዩት ወተት ይመስላል እንጂ ወተት አይደለም። እንግጫን ከሚመስል ተክል ሥር የሚወጣ «ቹፋ» የሚባል ፍሬ ተፈጭቶ በውኃና በስኳር የሚዘጋጅ የቫሌንሲያ መጠጥ ነው። ስኳሩ ግን ይበዛል። ከሴቪያ አካባቢ የሚመጣ «ቶርታ ዴ አሴይቴ» የሚሉትንም ያዝን። በወይራ ዘይት የተለወሰ፣ ሰሊጥና አኒስ ያለበት ስስ ደረቅ ቂጣ ነው፤ እያንዳንዱ በወረቀት ተጠቅልሎ ስለሚሸጥ በመኪና ውስጥ አይበላሽም። በካርቶን የሚሸጠውን ጋስፓቾንም አየን፤ ከቲማቲም፣ ከኪያር፣ ከቃሪያ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከወይራ ዘይት የሚዘጋጅ የሚጠጣ ሾርባ ነው። ለጾመኛ የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን ካርቶኑ በ100 ሚሊ ሊትር 0.7 ግራም ጨው እንዳለው ያሳይ ነበር። ግማሽ ሊትር የጠጣ ሰው 3.5 ግራም ጨው ወሰደ ማለት ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ለሙሉ ቀን ከ5 ግራም በታች ነው። ስለዚህ ለእናታችን አንድ ብርጭቆ ብቻ ቆጠርንላቸው። ለውዙንም «ሲን ሳል»፣ ያለ ጨው የሚለውን መረጥን። ፍራፍሬውን ስንወስድ እንደ አገሩ ሥርዓት በእጃችን የላስቲክ ጓንት አጥልቀን ነበር። እኔ ኮኩን ሳላስመዝን ወደ ሒሳብ መክፈያው ሄጄ ወረፋው ሁሉ እስክመለስ ጠበቀኝ።

ከወይራው አጠገብ በጨው ውኃ ውስጥ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ቢጫ ፍሬ አየሁ። «አልትራሙሴስ» ይላል። ብልቃጡን አገላብጬ ተመለከትሁት። ግብጦ ነው! ስፔኖች ከቢራ ጋር ይቆረጥሙታል። ለሙከራ ሁለት ብልቃጥ ያዝን።

ጎጃም ተወልደው ያደጉት እናታችን ብልቃጡን ሲያዩ መነጽራቸውን ፈለጉ። አንድ ፍሬ አንሥተው ልጣጩን ገፈፉና ቀመሱት።

«ይኼማ ግብጦ ነው፤ ግን ጨው በጨው አድርገውታል» አሉ።

«እንግዲያው ይቅርብዎ እማማ፤ ለደም ግፊቱ አይሆንም» አልኋቸው።

«ለምን ይቀራል? ግብጦ በውኃ የሚዳን ነገር ነው» ብለው ወደ ወጥ ቤት ገቡ።

በአገራቸው ግብጦ ምሬቱ እስኪለቅ ድረስ ለቀናት ውኃው እየተለወጠ እንደሚዘፈዘፍ ያውቃሉ። ይህንኑ ጥበብ ለጨው አዋሉት። ሐሙስ ቀኑን ሙሉ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ በዋለበት ዕለት፣ ውኃውን አራት ጊዜ እየደፉ ለወጡትና ሌሊቱን በማቀዝቀዣ ውስጥ አሳደሩት። ዓርብ ጧት ስቀምሰው አልጫ ሊሆን ምንም አልቀረውም። (ግብጦም ከ14ቱ አንዱ ነው። በተለይ ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ያላት እናት ትጠንቀቅ።)

የእኅቴ ባል በበጋው የሥራ ሰዓት እንደ ብዙው የቢሮ ሠራተኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ስለሚወጣ የተነሣነው ሙቀቱ እጅግ በበረታበት ጊዜ ነው። የኮርዶባ ሙቀት ቀልድ አይደለም። በኦገስት 2021 እ.ኤ.አ. በዚሁ አውራጃ ላ ራምብላ በተባለች ከተማ 47.6 ዲግሪ ተመዝግቧል። ከፊሉን ውኃ ከነጠርሙሱ አቀዝቅዘን በረዶ አድርገነው ነበር፤ በወፍራም ከረጢት ውስጥ ጋስፓቾውንና ኦርቻታውን አቅፎ እየቀለጠ እየተጠጣ ሄደ። የአገሩ የትራፊክ መሥሪያ ቤት በየ2 ሰዓቱ ወይም በየ200 ኪሎ ሜትሩ ዕረፍት አድርጉ ይላል። እኛ ከልጆቹ የተነሣ ከዚያም ቀደም ብለን ቆምን፤ የመጀመሪያው ዕረፍታችን የላ ማንቻ የነፋስ ወፍጮዎች ከሚታዩበት ሜዳ ላይ ነበር። የጾሙም ሰዓት አልፎ ነበርና እናታችን አንድ ቂጣ በኦርቻታ በሉ፤ አንድ ብርጭቆ ጋስፓቾም ጠጡ። ቀጥሎ የዴስፔኛፔሮስን ገደል አልፈን ከወይራው አገር ገባን። ግራና ቀኝ ኮረብታው ሁሉ በተሰመረ የወይራ ዛፍ ተሞልቷል። ባይሌን ደርሰን ስንቆም ግብጦው ወጣ። ልጆቹ ልጣጩን በጥርሳቸው ማፈናጠር ከአያታቸው ተማሩና የማን ይርቃል እያሉ ይወዳደሩ ጀመር። አባታቸው መኪናውን ስለሚያጸዳው ሰው ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

ኮርዶባ የገባነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። እኅቴ በሩን ከፍታ ክንዳቸውን ልትይዝ ጎንበስ ስትል እናታችን ቦርሳቸውን አንጠልጥለው በራሳቸው ወረዱ።

«ነገ ቅዳሜ ሱቁ ይከፈታል?» ሲሉ ጠየቁ።

«ይከፈታል እማማ፤ ምን ፈለጉ?»

«ግብጦው አልቋል። ለመልሱ ከአሁኑ መዘፍዘፍ አለበት።»