«ዘር» ምን አጠፋ?

ሰኔ ሲገባ አንድ ገበሬ ጎረቤቱን «ዘር አለህ?» ብሎ ቢጠይቅ ማንም አይደነግጥም። የሚፈልገው ከጎተራ የተረፈ ገብስ ወይም ጤፍ ነው። ከተማ ውስጥ «ዘርህ ምንድን ነው?» የተባለ ሰው ግን ከመመለሱ በፊት የጠያቂውን ፊት ያጠናል። ቃሉ አንድ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚበቅለውን ይፈልጋል፤ ሁለተኛው የመጡበትን ይመረምራል።

ይህች አጭር ቃል ዕድሜዋ ረጅም፣ ዘመዶቿም ብዙ ናቸው። ግዕዝ «ዘርእ»፣ ዕብራይስጥ «ዜራዕ»፣ ዓረብኛ «ዘርዕ»፣ የጥንቶቹ ባቢሎናውያን ቋንቋ አካድኛ ደግሞ «ዜሩ» ይላታል። ዓረብኛው ከማሳው ብዙም አልራቀም፤ እርሻው «መዝረዓ»፣ ገበሬው «ሙዛሪዕ» ነው። ዕብራይስጡና አካድኛው ግን እንደ አማርኛ እህሉንም ልጁንም በአንድ ቃል ይጠራሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ለአብርሃም ስለ ዘሩ ተስፋ ሲሰጠው፣ ነገሩ ገና ስላልተወለዱ ልጆች ነበር። ቃሉ ወደፊት ያይ ነበር።

ዘሩባቤል የሚለው ስም ትርጉሙ «የባቢሎን ዘር» ነው። ሰውየው ግን ከዳዊት ቤት የሚወለድ አይሁዳዊ ነበር። ከምርኮ ተመላሾችን እየመራ ኢየሩሳሌም ገባ፤ የፈረሰውንም ቤተ መቅደስ መልሶ አሠራ። የማራኪዎቹን ከተማ በስሙ ተሸክሞ የአባቶቹን ከተማ ሠራ።

ግሪኮችም ከዚያው ከማሳ ተነሥተዋል። «ዳያስፖራ» የመጣው መዝራትንና መበተንን ከሚገልጽ ግሣቸው ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ዳያስፖራ» ሲባል የተበተነ ዘር መባሉ ነው።

ከሁሉ የከበደው ትርጉም የመጣው በቅርቡ ነው። ፖላንዳዊው አይሁዳዊ የሕግ ሊቅ ራፋኤል ሌምኪን እ.ኤ.አ. በ1944 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወገንን ከሚገልጽ የግሪክ ቃልና መግደልን ከሚገልጽ የላቲን ቃል «ጄኖሳይድ» የሚለውን ስም ፈጠረ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጊቱን የሚከለክለውን ስምምነት በ1948 ሲያወጣ፣ ኢትዮጵያ በ1949 አጸደቀችው፤ ቀድመው ካጸደቁት አገሮች አንዷ ናት። አማርኛ ስሙን «ዘር ማጥፋት» ብሎ ተረጎመው። ይህ ትርጉም ለገበሬ ጆሮ ከባድ ነው። በረሃብ ዘመን አንድ ቤተሰብ መጨረሻ ላይ የሚነካው ለዘር ያስቀመጠውን እህል ነው። እሱን ከበላ በሚቀጥለው ክረምት ዝናቡ ቢመጣም የሚዘራው የለም።

«ዘር ከልጓም ይጠቅሳል» የሚለው ተረት ግን መታወስ አለበት። ቃሉን ወደ ኋላ መጎተት ዛሬ የተጀመረ አይደለም። አያቶችም ሲዳሩና ሲሾሙ ዘር ይቆጥሩ ነበር። የዛሬው ልዩነት ቆጠራው ከሠርግ ድንኳን ወጥቶ ኬላ ላይ፣ ሥራ ቅጥር ላይ፣ ቤት ኪራይ ላይ መድረሱ ነው። «ዘረኛ» ስድብ ሆኗል፤ ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም ግን ዘር መቁጠራቸውን አልተዉም።

ገበሬው ዘንድ ሌላ ልማድ አለ። በትግራይና በኤርትራ ደጋዎች ስንዴና ገብስ ቀላቅለው ይዘራሉ፤ «ሓንፈጽ» ይሉታል። ዝናቡ ቢያጥር ገብሱ ያተርፋቸዋል፤ ቢደላም ስንዴው ያጠግባቸዋል። ሁለቱ አንድ ማሳ ላይ ስለበቀሉ ስንዴው ገብስ፣ ገብሱም ስንዴ አይሆንም። ማንም ዘሩን ሳይክድ አብሮ ይታጨዳል።

ፖለቲካው የወሰደው የገበሬን ቃል ነው፤ የገበሬውን ልማድ ግን ትቶት ሄደ። ገበሬ ዘሩን ይመርጣል፣ ያበጥራል፣ ለጎረቤቱም ያበድራል፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው ሊዘራው ነው። ጎተራ ተቆልፎበት ዓመት ከዓመት ሲቆጠር የሚኖር ዘር ነቀዝ ይበላዋል።