ስለ ሰዓት ቤተ መዘክር

ከጁባ ከተማ፥ ያውም ኮር ዊሊያም ከሚባለው ሰፈር ተነሥቶ ሰዓት ለማየት እስከ ስዊስ ተራራ የሚወጣ ሰው ቢያጋጥማችሁ «በእጁ ያሠረው አይበቃውምን?» ሳትሉ አትቀሩም። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ለትምህርት ወደ ጄኔቭ ተልከን ሳለን ባልደረቦቻችንም ይህንኑ ብለውናል። እኛ ግን አንዲት የዕረፍት ቀን ብናገኝ ወደ ገበያ መውጣቱን ትተን፥ በባቡር ተሳፍረን በኔሻቴል በኩል ላ ሾ ደ ፎን ወደምትባለው የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ሄድን። ምክንያታችንን አስቀድመን እንግለጽ።

ለመንግሥት ሥራ ታዝዘን በምንኖርበት በኮር ዊሊያም የሰዓት አቈጣጠር አንድ ዓይነት አልነበረም። በመሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን ይቈጠራል። ወደ ገበያ ወጣ ስንል ግን ከኬንያና ከኡጋንዳ የመጡት ነጋዴዎች በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ይላሉ፤ ይኸውም ልክ እንደኛው ከጧቱ ሦስት ሰዓት ማለት ነው፥ ቀኑን ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉና። ይህን በሰማን ቍጥር የአገራችንን ሰው ያገኘን ያህል ደስ ይለን ነበር።

በጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን የአገሩን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች። ነገሩ በጂኦግራፊ ሲመረመር ትክክል ነው። ለ15 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይታሰባል፤ ጁባም ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ በ31 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከግሪኒች ልትቀድም የሚገባት በሁለት ሰዓት እንጂ በሦስት አልነበረም። ይሁን እንጂ በዚያ ጊዜ፥ በጦርነቱ ምክንያት፥ ዓዲግራት አጠገብ ባለች መንደር ከሚኖሩት ከእናታችን ጋር በስልክ መነጋገር ካቆምን ሦስት ወር ሊሞላ ተቃርቦ ነበር። በሕይወት መኖራቸውን ሳናውቅ «አሁን ከከብቶቹ ጋር ይሆናሉ፤ አሁን ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል» እያልን፥ በአንድ ሰዓት መኖራችንን ብቻ እንደ መገናኛ ቈጥረነው ነበር። ያችም ከእጃችን ወጣች። የግድግዳችንን ሰዓት አልነካነውም፤ ጎረቤቶቻችን ግን እየመጡ «ሰዓታችሁ ይቀድማል» ይሉን ነበር።

ላ ሾ ደ ፎን አንድ ሺሕ ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ብርዳም ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1794 በእሳት ከጠፋች በኋላ መንገዶቿ እንደ ተሠመረ ደብተር ቀጥ ቀጥ ብለው ተሠሩ፤ ቤቶቿም ሰዓት ሠሪው በጠረጴዛው ላይ ብርሃን እንዳያጣ በመስኮት የበለጸጉ ሆኑ። ካርል ማርክስ «ካፒታል» በተባለው መጽሐፉ ከተማዪቱን በሞላ እንደ አንድ ትልቅ ፋብሪካ ቈጥሯታል። ቤተ መዘክሩ በ1902 የተመሠረተ ሲሆን፥ በ1974 የተከፈተው የአሁኑ ሕንጻ አብዛኛው ክፍል ከመሬት በታች ነው።

ስለ ወርቁና ስለ አልማዙ ሰዓት ብዙ አንጽፍም፤ ጌጥ ነው። ዓይናችንን የያዘው የጥንቱ የብረት ሰዓት ነው። ክብደቱ እየወረደ መንኰራኵሩን ያዞራል፤ አንዲት መያዣም የመንኰራኵሩን ጥርስ እየያዘች እየለቀቀች እንዳይበርር ትከለክለዋለች። አባታችን ነፍሳቸውን ይማርና፥ ጧት ጧት የእጅ ሰዓታቸውን ሲሞሉ ወደ ጆሯችን አስጠግተው ያሰሙን የነበረው ድምፅ ይኸው የመያዝና የመልቀቅ ድምፅ ነበረ። ከመጀመሪያዎቹ የግንብ ሰዓቶች ብዙዎቹ ገጽም ቀስትም ሳይኖራቸው ደወል ብቻ ይመቱ ነበር። ገጽ ከወጣላቸው በኋላም ለብዙ ዘመን አንድ ቀስት ይበቃቸው ነበር፤ የደቂቃ ቀስት እየተለመደ የሄደው የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 ፔንዱለምን ለሰዓት ካዋለው ወዲህ ነው።

እኛን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን ግን የአቈጣጠሩ ታሪክ ነው። ኢጣልያውያን ለብዙ መቶ ዓመታት ሰዓትን ከፀሐይ መግቢያ ጀምረው እስከ 24 ይቈጥሩ ነበር። በ1410 የተሠራው የፕራግ ከተማ ሰዓት ዛሬም ይህን አቈጣጠር የሚያሳይ ክበብ አለው፤ የፀሐይ መግቢያ እንደ ወራቱ ስለሚለዋወጥ ክበቡ ራሱ ይንቀሳቀሳል። ጃፓኖችም እስከ 1873 ድረስ ቀኑን ለስድስት፥ ሌሊቱንም ለስድስት ይከፍሉ ስለነበር፥ ቀኑ በሚረዝምበት ወራት የቀኑ ሰዓት አብሮ ይረዝም ነበር።

ይህን ስናይ አንድ ኢጣልያዊ የሚሲዮን መምህራችን ትዝ አሉን። የክፍሉን ሰዓት እንደ አገራቸው ሞልተውት ስለነበር፥ እኛ ልጆች አጭሩ ቀስት ዘጠኝ ላይ ሲቆም በትይዩው ያለውን ሦስትን እናነባለን፤ እርሳቸውም «ሁሉ ነገራችሁ ተገላቢጦሽ ነው» እያሉ ይሥቁብን ነበር። የገዛ ቅድመ አያቶቻቸው በፀሐይ መግቢያ ሰዓት ሲያስጀምሩ እንደ ኖሩ ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? ይህን ሁሉ ልዩ ልዩ አቈጣጠር አንድ ለማድረግ ያስገደደው በተለይ የባቡር መንገድ ነው። የእንግሊዝ ባቡሮች በ1847 የግሪኒችን ሰዓት ያዙ፤ በ1884ም የዋሽንግተን ጉባኤ ግሪኒችን ለዓለም መነሻ አደረገ።

በኋላ ዘመን ለከተማዪቱ ራሷ የመጣባት ፈተና ከጃፓን ነው። ሴይኮ በ1969 የመጀመሪያውን የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ከሸጠ በኋላ በአሥራ አምስት ዓመት ያህል ውስጥ የስዊስ የሰዓት ሠራተኞች ቍጥር ከ90,000 ገደማ ወደ 30,000 ገደማ ወረደ። ከሁለት ሠራተኞች ይልቅ ከሦስት ሁለቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ ማለት ነው፤ ይህን እያሰብን በእነዚያ ብዙ መስኮቶች ሥር ስናልፍ ከተማው ጸጥ ያለ መሰለን።

ስልኩ የተከፈተው ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ በ2015 ዓ.ም. ነው። እናታችን በሕይወት ነበሩ። የሞቱትን በየስማቸው እየጠሩ ከነገሩን በኋላ ሁለታችንም የምንለው ጠፋን። ወሬ ለማስለወጥ ያህል ስለ ሰዓቱ ቤት ጀመርን፤ መምህሩንም፥ ባለ አንድ ቀስቱንም ሰዓት አነሣንላቸው። ጥቂት ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቈዩና «የአባትህ ሰዓት ቆሞብኛል፤ ለእነዚያ ሰዎች አሳየኸው?» አሉን።

ሰዓቱስ የነበረው በእርሳቸው ሣጥን ውስጥ ነው።