የጎረቤታችን ሩዝ፣ የእናቴ ዶሮ

ድሬዳዋ ላይ ሩዝ እራት ነው። ወላጆቼ ባደጉበት የሸዋ ደጋ ግን እንግዳ እህል ነበር፤ እነሱ የሚያውቁት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ባቄላ ነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ ወደ ቆላ ሲወርድ እናቴ የበርበሬና የሽሮ ቋጠሮዋን ይዛ ተከተለችው። የወረዱባት ከተማ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚያ ሲደርስ ተቆረቆረች፤ ከዚያ ወዲህ ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የመኑ፣ ሕንዱ፣ ግሪኩና አርመኑ ሲገበያዩባት ኖረዋል። ባስማቲው ሩዝ፣ ዘቢቡና ሄሉ በጅቡቲ በኩል እየገቡ ከፊራ ገበያ ላይ ከእኛው በርበሬ ጎን ይደረደሩ ነበር። ዛሬም በቤቴ የምሠራው፣ ጣፍጦ የሚያቃጥለው ዶሮ በሩዝ ከዚያ ገበያ ይወለድ እንጂ ያደገው በአንድ ግቢ ውስጥ ነው።

በድሬ ሙቀት ቤት ውስጥ እሳት ማንደድ አይቻልም። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የየቤቱ ከሰል ምድጃ ወደ በረንዳና ወደ ኒም ዛፉ ሥር ይወጣል። ስለዚህ እራት ምስጢር አይሆንም፤ ማን ምን እንደጣደ ግቢው በሙሉ በመዓዛው ያውቃል። እኔም ያንን ሩዝ መጀመሪያ ያወቅሁት በአፍንጫዬ ነው። ጎረቤታችን አባቷ የመናዊ፣ እናቷ ሐረሪ ነበሩ። ቀይ ሽንኩርቱን በቀጭኑ ከትፋ በብዙ ዘይት ወርቃማ እስኪሆን ትጠብሰዋለች፤ ግማሹን አውጥታ ታስቀምጥና በቀረው ላይ ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ሄል ትጨምራለች። እናቴ ደግሞ ከማዶ ቁሌቷን ያለ ዘይት ታቁላላለች፤ ሽንኩርቱ በራሱ ውኃ ይበስላል፣ ዘይቱ ኋላ ይገባል፣ በርበሬው ይከተላል። ሁለቱ መዓዛዎች ሜዳው መሀል ይገናኛሉ። እኔም የቤት ሥራዬን ይዤ መቀመጥ የምወደው እዚያው መሀል ላይ ነበር።

ጣዕሙን ያገኘሁት በኢድ ነው። ሰፊ ትሪ ላይ ነጭና ቢጫ ሩዝ ተዘርግቶ፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና ዘቢብ ተነስንሶበት፣ ጎኑ ላይ ሙዝ፣ በትንሽ ሳህን ሰሀዊቅ ቀረበልን። ሰሀዊቅ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ከሙን አብረው ተፈጭተው የሚሠራ የየመኖች ማባያ ነው፤ አጥብቆ ያቃጥላል። ዘቢቡ በቅቤ ተጠብሶ አብጦ ነበርና ጥርሴ ሥር ሲፈነዳ ደነገጥኩ። በእኛ ቤት ጣፋጭ ነገር ቦታው ከሻይ ጋር እንጂ ከሥጋ ጋር አልነበረም። ወዲያው ሰሀዊቁ ምላሴን ያዘው፤ ሌላ ዘቢብ ፈለግሁ፣ እሳቱን አበረደልኝ፤ ሲበርድልኝ ደግሞ መልሶ እሳቱ አማረኝ። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን ሩዝን ከሙዝ ጋር የሚበሉት ለምን እንደሆነም ያን ጊዜ ገባኝ።

በልጅነቴ እንደ ተራ ነገር ያየሁት፣ ሳድግ ክብደቱ የገባኝ ግን የዶሮው ጉዳይ ነው። በአገራችን ልማድ ክርስቲያን ሙስሊም ያረደውን፣ ሙስሊምም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ጎረቤታችን ይህንን ስለምታውቅ በኢድ ዋዜማ አንድ ዶሮ በሕይወቱ ይዛ ወደ ቤታችን ትመጣለች። አባቴን «እንካ፣ የእናንተን አርደህ ላክልኝ» ትለዋለች። ድሬ ላይ «እርስዎ» እምብዛም አይሰማም፤ ታላቁም ታናሹም «አንተ» እና «አንቺ» ነው፣ ፍቅሩ ግን ሙሉ ነው። አባቴ በስመ አብ ብሎ ያርዳል፤ እናቴ ትበልታለች፣ በሎሚና በጨው ታጥባለች፤ ዶሮው በእኛ ድስት ሆኖ ወደ ጎረቤታችን ምድጃ ይመለሳል። ሁለት ምድጃ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት ማማሰያ፤ ቅመሙ አንድ፣ የምትሠራውም እጅ አንድ። ማማሰያዎቹ እንዳይቀያየሩ የእኛው ላይ ቀይ ክር ታስርበት ነበር።

ኢዱ በጾም ወራት ሲውል ዶሮም ቅቤም እኛ ድስት ውስጥ አይገባም፤ ሩዙ ከድንችና ከዘቢብ ጋር በዘይት ይሠራልናል። በፋሲካ ተራው የእናቴ ነው። ዶሮው በሕይወቱ ወደ እነሱ ይሄዳል፤ ባለቤቷ ቢስሚላህ ብሎ አርዶ ይልካል፤ እናቴም 12 ብልት አውጥታ በእነሱ ድስት ዶሮ ወጥ ትሠራላቸዋለች። ልዩነታችንን ማንም አልሸሸገውም፣ ማንም አላቃለለውም። ሰው ለሰው ሲል ድካሙን እጥፍ ያደርግ ነበር፤ እኔ መከባበር ምን እንደሆነ የተማርኩት ከዚያ እጥፍ ድካም ነው።

የሩዙ የዘር ሐረግ ረጅም መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ጎረቤታችን ከአባቷ እናት የተማረችው አሠራር ዙርብያን ይባላል፤ የኤደን ወደብ ምግብ ሲሆን የሕንዱ ብርያኒ ዘመድ ነው። እንግሊዞች ኤደንን እ.ኤ.አ. በ1839 ከያዙ በኋላ እስከ 1937 ድረስ ከሕንድ ግዛታቸው ጋር አጣምረው አስተዳድረዋታል፤ ሕንዳውያን ነጋዴዎችና ወታደሮችም ሩዝና ቅመማቸውን ይዘው ሰፍረውባታል። ከኤደን እስከ ጅቡቲ ባሕሩ ጠባብ ነው፤ ከጅቡቲ እስከ ድሬ ደግሞ ሐዲድ አለ። ጎረቤታችን ይህንን ሁሉ አልተረከችልኝም፤ በእጇ ግን ትሠራው ነበር።

እናቴ ሩዙን እያደነቀች ዶሮውን ግን «አልጫ ነው» ትል ነበር። በአንዱ ኢድ የእኛን ዶሮ ከመረቁ አወጣችና አዋዜ በማር በጥብጣ ቀባችው፤ ከዚያ ከሰሉ ላይ እያገላበጠች ጠበሰችው። ማሩ ሲፈላ አዋዜውን ከቆዳው ጋር አጣበቀው፤ ጠርዙ ጠቆር፣ መሀሉ ቀላ እያለ አብረቀረቀ። ጎረቤታችን ቆማ ስታይ ቆየችና «አቦ አንቺ፣ ማር ከበርበሬ ጋር ምን አገናኘው?» አለች።

«ዘቢብ ከሥጋ ጋር ካገናኘሽ እኔስ ምን አጠፋሁ?» አለቻት እናቴ።

ተሳሳቁ። ዶሮውን መቅመስ ስለማትችል እናቴ ያልተነካውን አዋዜ በማንኪያ ጨልፋ ሰጠቻት። ያ አዋዜ ጠጅም አረቄም አልገባበትም፤ ከመጀመሪያውም በውኃና በዘይት የተበጠበጠው ጎረቤታችን እንድትቀምሰው ታስቦ ነበር። ቀምሳ ዝም አለች፤ ደግማ ቀመሰች። በሚቀጥለው በዓል በሁለቱም ድስት የተሠራው ዶሮ ማርና አዋዜ የተቀባ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ በግቢያችን ሌላ ዓይነት አልተሠራም።

አሠራሩን ከሁለቱም ነው የተማርኩት። ለአንድ ዶሮ 3 ብርጭቆ ባስማቲ ሩዝ እለካለሁ። ውኃው እስኪጠራ አጥበዋለሁ፣ ለ30 ደቂቃ እዘፈዝፈዋለሁ፤ ነጭ ዱቄቱ ካልለቀቀ ሩዙ ይያያዛል። ሽንኩርቱን ጠብሼ ግማሹን አስቀምጥና በቀረው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ከሙንና እርድ እጨምራለሁ፤ ቲማቲም ይከተላል። በሎሚና በጨው የታጠበውን ዶሮ አገላብጬ በቅመሙ ካዳረስኩ በኋላ ውኃ ጨምሬ አበስለዋለሁ። ሲበስል ዶሮው ይወጣል፣ መረቁ ይለካል፦ ለ3 ብርጭቆ ሩዝ 4 ብርጭቆ ተኩል። ሩዙ መረቁን መጦ ሲጨርስ ድስቱን በንጹሕ ጨርቅና በክዳን አፍኜ በቀዝቃዛ እሳት ላይ ሩብ ሰዓት እተወዋለሁ። ጎረቤታችን ክዳኑ ላይ ፍም ትበትንበት ነበር፤ ከላይም ከታችም የሚሞቅ ሩዝ እኩል ይበስላል።

ማሩና አዋዜው የሚቀባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ማር ቶሎ ያርራልና ቀድሞ ከተቀባ ዶሮው ይመርራል። ሁለት ማንኪያ ማር ለሦስት ማንኪያ አዋዜ ይበቃል። ዘቢቡ በትንሽ ቅቤ ጠበስ ብሎ እንዳበጠ ይነሳል። ሎሚና ሙዝ ከጎን አይጠፉም። ጣፋጩ የሚያቃጥለውን እንዲያበርድ እንጂ እንዲያጠፋው አልፈልግም፤ ሁለቱም በየተራቸው መሰማት አለባቸው።

ብቻዬን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁት አዲስ አበባ ተከራይቼ ስኖር ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅ የወሎ ሙስሊም ነበረች፤ ኢዱን ከቤተሰቧ ርቃ ልታሳልፈው ነው። ዶሮውን ከእስላም ሥጋ ቤት እንድታመጣ ነገርኳት፤ እኔ አዲስ ድስትና ማማሰያ ገዛሁ። ምድጃችን አንድ ስለነበር የእሷ ድስት ቀድሞ ወጣ፤ የእኔ ድስት ተከተለ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ከእሷ ድስት አጎረስኳት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «በርበሬው ነው» አለችኝ፤ ሁለታችንም ግን ቤቷን እንዳስታወሰች እናውቅ ነበር። ያን ምሽት የሁለቱን ሴቶች ውለታ የምከፍልበትን መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ።

አሠራሩን ለጠየቀኝ ሁሉ በደስታ እጽፍለታለሁ፤ ቅመሙን አልሸሽግም፣ ልኩንም አላጎድልም። ከቅመሙም ከልኩም በላይ ግን መጀመሪያ ላይ የምጽፋቸው ጥያቄዎች አሉ፦ እራት የጋበዝከው ማንን ነው? ጾም ላይ ነው? የማንን እርድ ይበላል? ዶሮ የሚገዛው መልሱ ከታወቀ በኋላ ነው።